የተደፋው ዳቦ

ሶሌን አውስትራሊያ ተምራ ፈረንሳይ፣ ብሬታኝ ውስጥ ወዳለው መንደሯ ከተመለሰች ወዲህ ልቧ አልረጋም። "እቆያለሁ" ትላለች፤ ሻንጣዋን ግን ገና አልፈታችም። እስከዚያው ዘልማይን ፈረንሳይኛ ታስተምረዋለች። አፍጋኒስታናዊው ስደተኛ ሥራ ካላገኘ የመኖሪያ ፈቃዱ አይታደስለትም፤ ዳቦ ጋጋሪው ሙሴ ጎዚክ ደግሞ ረዳት ይፈልጋሉ።

"ዕቃው የት እንዳለ ስነግረው ከገባው ይሥራ፤ ካልገባው መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት" ብለዋል ሽማግሌው፣ የሱቃቸውን ጓዳ ለጥናት ሲፈቅዱላቸው።

ሶሌን አንድ ክብ ዳቦ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

"ዳቦው የት ነው?"

"ሱር ላ ታብል" አለ ዘልማይ። ጠረጴዛው ላይ።

ቅርጫት ውስጥ ስትከተው "ዳን" አለ። ቢላዋ ከቅርጫቱ ሥር ስትሸሽግ "ሱ" አለ። ሰው ቤት መሆንን የምትገልጸው "ሼ" ላይ ሲደርሱ ፈገግ አለ።

"እኔ ሼ ሙሴ ጎዚክ ነኝ። አንቺስ ማን ቤት ነሽ?"

ሶሌን ዳቦውን ከቅርጫቱ አውጥታ እንደ ነገሩ ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገችው።

ወዲያው ሙሴ ጎዚክ ገቡ። ዳቦው በግንባሩ ተደፍቷል። ፊታቸው ጠቆረ።

"ማነው የደፋው? በአባቴ ዘመን የሚደፋው የሞት ፍርደኞችን አንገት የሚቆርጠው ሰው ዳቦ ብቻ ነበር፤ ሌላ ሰው እንዳይነካው። ዳቦ የማያከብር እጅ የእኔን ሊጥ አያቦካም።" ዓይናቸው ዘልማይ ላይ ነበር። እሱ አቀረቀረ።

"እኔ ነኝ" አለች ሶሌን።

"አንቺ? እዚሁ የተወለድሽው?"

"ረሳሁት፣ ሙሴ ጎዚክ።"

"ባሕር ማዶ ዳቦ ፊትና ጀርባ የለውም እንዴ?" ወደ ዘልማይ ዞሩ። "አንተስ ዓይን የለህም?"

"አይቻለሁ። እኛም አገር ዳቦ አይደፋም። ግን አስተማሪዬ ናት፤ የእናንተ ወግ ይሆናል ብዬ ተውኩት።"

"ዳቦዬ ምድጃ ውስጥ ሲያርርም ወግ ነው ብለህ ልታይ ነው?"

"አይ፣ እጮሃለሁ።"

"በምን ቋንቋ?"

"አፌ ላይ በመጣልኝ።"

ሽማግሌው በአፍንጫቸው ሳቁ። "ሽርጡ ከበሩ ኋላ፣ ከካፖርቴ ሥር ተሰቅሏል።"

ዘልማይ ሳያመነታ ሄዶ አወረደው፤ ወገቡ ላይ አሰረው።

ሶሌን ዳቦውን በሁለት እጇ አቀናችው። ሙሴ ጎዚክ አይተዋት ወደ ምድጃቸው ተመለሱ። የማሯት እንደ እንግዳ ይሁን እንደ ልጃቸው፣ መለየት አቃታት።