ስንት ሰው ነው የሚሳፈረው?

ቢፍቱ ጆንያውን ከሞርሳው አጠገብ ስታስቀምጠው ውስጡ ያለው ብረት ተንቋቋ። ሀብተሚካኤል ቶርኖውን አላቆመም። ከቂሊንጦ የመጣ የማሽን ዘንግ እየላጠ ነበር። የጀመረውን ሳይጨርስ ቀና ብሎ ሰው አያይም፤ ደንበኞቹም ይህን አመሉን ስለሚያውቁ ቆመው ይጠብቁታል።

"ጋሽ ሀብቴ" አለች ልጅቷ፣ ከማሽኑ ጩኸት በላይ።

ይህን ጊዜ አጠፋው። ቃሊቲ መናኸሪያ ጀርባ ባለችው በዚህች ቶርኖ ቤት ሁሉም "ማስተር" ነው የሚለው። "ሀብቴ" የሚለው አንድ ቤት ብቻ ነበር፤ በዚያ ቤት በር ካለፈ ደግሞ አሥራ አምስት ዓመት ሆኖታል።

"የማን ልጅ ነሽ?" አለ። ጠየቀ እንጂ በግንባሯ አውቋታል። የሮሪሳ ግንባር ነው፤ ሰፊ፣ ሁልጊዜ የሚጠይቅ የሚመስል።

"ቢፍቱ ነኝ። የሮሪሳ።"

"ቢፍቱ... አንቺ ትንሿ? ወይ ጉድ።" እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ከጸዳም በኋላ ደግሞ ጠረገው። "አባትሽ ደህና ነው?"

"ደህና ነው። እሱ ነው የላከኝ።"

ጆንያውን ፈታችና ሁለት ፕሮፔለር አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አኖረች። የጀልባ ሞተር ፕሮፔለሮች ናቸው፤ ሁለቱም ባለ ሦስት ክንፍ፣ ሁለቱም ከሰሃን ብዙ የማይበልጡ። ለማያውቅ ሰው መንታ ይመስላሉ። ሀብተሚካኤል ግን ሁለቱንም ያውቃቸዋል። አንደኛው አሮጌው ነው፣ አንድ ክንፉ ተሰብሮ እሱ ራሱ የበየደው። ሁለተኛው መሐሉ ላይ ትንሽ "ሀ" ተመቶበታል። ብረት አቅልጦ አሸዋ ቅርጽ ውስጥ አፍስሶ፣ በሊማ ሞርዶ፣ ሦስት ሳምንት ከምሳ ሰዓቱ ላይ እየቆረጠ የሠራው ነው። ዝገት ቀርቶ አቧራ እንኳ አልነካውም፤ ዘይት ተቀብቷል።

"ይሄን አልጣለውም እንዴ?" አለ።

"አልጣለውም። በየዓመቱ ዘይት ይቀባዋል። እናቴ 'ይሄን ብረት አውጣልኝ' ስትለው 'ጥሩ እጅ የሠራው ነው፣ አርፎ ይቀመጥ' ይላታል።"

ሀብተሚካኤል በርጩማውን ስቦ ተቀመጠ።

ጀልባዋን በጋራ ነው የገዟት፣ ሁለቱም የመለዋወጫ ፋብሪካ ሠራተኛ ሳሉ። አንድ የውጭ ቴክኒሻን አገሩ ሲገባ የሚሰጣት ሰው አጥቶ ነበር፤ እነሱም ምን እንደሚያደርጓት ሳያውቁ ከነሞተሯ ወሰዷት። የሀብተሚካኤል ሚስት አስካለማርያም "ባሕር በሌለበት አገር ጀልባ" ብላ ሳምንት ሙሉ ሳቀች። ግን የአባ ሳሙኤል ግድብ ነበረላቸው። ያኔ ውሃው ውሃ ነበር፤ እምቦጭ አልሸፈነውም፣ ሽታም አልነበረውም። እሁድ ከቅዳሴ ሲወጡ ዳቦና ሙዝ ይዘው፣ ልጆቹን ጭነው ይወርዳሉ። ሮሪሳ የተወለደው ከግድቡ ማዶ ካለው መንደር ስለነበር ውሃው የአባቱ ጓሮ ያህል ነበር። ከመነሳታቸው በፊት ተሳፋሪውን የሚቆጥረው እሱ ነው። "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ሀብቴ" ይላል። ሀብተሚካኤል ዘጠና አምስት ኪሎ ስለሚመዝን እንደ አንድ ሰው ሳይሆን በስሙ ነበር የሚቆጠረው። ልጆቹ ይህን ሰምተው በሳቅ ይፈርሱ ነበር። እነዚያ እሁዶች ጥሩ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ያለ እሁድ አላየም።

"ሰፈራችን ሊነሳ ነው" አለች ቢፍቱ። "ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ደርሶናል። ጀልባዋን ቆቃ ላይ ሎጅ ያለው ሰው ሰኞ ይረከባታል። አባቴ ግን እሁድ እዚያው ቆቃ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ልንዳት አለ። ሞተሩን አሠርቶታል፤ ይነሳል። የትኛውን ፕሮፔለር እንግጠም ስንለው 'ሁለቱንም ለሀብቴ ውሰጂለት፤ እሱ ያለውን እንገጥማለን' አለኝ።"

"እኔ ያልኩትን?"

"እርስዎ ያሉትን።"

ሀብተሚካኤል ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት በነሐሴ ማንም ምረጥ ሳይለው ነበር የመረጠው። ቅዳሜ ብቻውን ሆኖ አዲሱን ፕሮፔለር ገጥሞ ሞከረው። ጀልባዋ በረረች። በደስታ ብቻውን ጮኸ፤ ለሮሪሳ ግን እሁድ በድንገት ሊያሳየው ፈልጎ ዝም አለ። እሁድ ጠዋት የሮሪሳ አባት ማረፋቸው ተሰማ። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ መንገዱ ጭቃ፣ ወንዙ ሙሉ። ወደ መንደሩ ግድቡን በጀልባ እንሻገር ተባለ። ሰባት ሰው ተሳፈረ፤ ሀብተሚካኤልም ለአንድ ሰው የሞከረውን ፕሮፔለር ለሰባት ሰው ይዞት ገባ። በጥድፊያው ረስቶት አልነበረም። ይችላል ብሎ ነው። ሞተሩ መሐል ውሃ ላይ አቃሰተ፣ ጋለ፣ ቆመ። በጣውላና በእጃቸው እየቀዘፉ ማዶ ሲደርሱ ሰው ከመቃብር እየተመለሰ ነበር። ሮሪሳ አባቱን አልቀበረም።

"እሺ" አለ ሀብተሚካኤል። "መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ስንት ሰው ነው የሚሳፈረው?"

"ሦስት። አባቴ፣ እኔ፣ ታናሽ ወንድሜ።"

"ስንት ኪሎ ነሽ? አትፈሪ፣ ለሥራ ነው።"

ሳቀች። "ሃምሳ ሁለት። ወንድሜ ቃልቤሳ ስልሳ ቢሆን ነው። አባቴ ደግሞ በጣም ከስቷል።"

ያ መክሳቱ ልቡን ነካው፤ ግን ሥራ ላይ ነኝ ብሎ አለፈው። አሮጌውን አነሳ። "የቡሎን ጥርስ አይተሽ ታውቂያለሽ? አንዴ ሲዞር ምን ያህል ወደፊት ይሄዳል? ያ ፒች ይባላል። ፕሮፔለርም እንደዚያው ነው፣ ውሃ ውስጥ የሚገባ ቡሎን በይው። የዚህ ፒቹ ዘጠኝ ኢንች ነው፤ በየዙሩ ትንሽ ትንሽ ይገፋል፣ ሸክም ግን ይችላል። የኔው አሥራ አንድ ነው። ብዙ ይገፋል፤ ሸክም ሲበዛበት ግን ሞተሩን ያንቀዋል።"

"ስለዚህ አሮጌው ነው።"

"ቆይ እንጂ።"

"ሀ" የተመታበትን በቶርኖው አፍ አስሮ በእጁ ቀስ ብሎ አዞረው፤ የእያንዳንዱን ክንፍ ጫፍ በመርፌ እየለካ። ፀጉር ታህል አልዛነፈም። ቆቃ ደግሞ ከአባ ሳሙኤል ዝቅ ያለ ነው፤ አየሩ ስለሚወፍር ሞተሩ የተሻለ ይተነፍሳል። ሦስት ቀጫጭን ሰዎች፣ የተሠራ ሞተር፣ ሰፊ ውሃ። ለዚህ ጭነት ልኩ የእሱ ፕሮፔለር ነው። ሐቁ ይኸው ነው፤ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ማን በነገረው ብሎ ሲመኘው የኖረ ሐቅ። ሮሪሳ እሁድ መሪውን ይዞ ጀልባዋ ስትበር ያያል። ብረቱ ጥፋት እንደሌለበት ያያል።

"አባትሽ... ስለዚያ ቀን ያወራል?" አለ ፊቱን ወደ ማሽኑ እንዳዞረ።

ቢፍቱ ትንሽ አመነታች። "እኔም ጀልባው ውስጥ ነበርኩ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እርስዎ እጅዎ እስኪደማ ሲቀዝፉ አስታውሳለሁ። አባቴ ስለ ሞተሩ አንድም ቀን አንስቶ አያውቅም።"

"ታዲያ?"

"'ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ሦስት ቀን በሩን በሩን አየሁ' ነው የሚለው።"

ሀብተሚካኤል በዚያ ቀን ጫማው ውሃ እንደቋጠረ ከድንኳኑ ውጭ ቆሞ ነበር። ለመግባት አፍሮ ግድቡን በእግሩ ዞሮ ወደ ቤቱ ሄደ። ነገ እገባለሁ አለ። በማግስቱም እንደዚያው አለ። ሠልስቱ አለፈ፣ አርባው አለፈ፣ ከዚያ በኋላ መግባት ከመቅረት የባሰ አሳፋሪ ሆነበት። ሳሪስ አቦ ክብረ በዓል ላይ በሩቁ ሲተያዩ አንገት ይነቃነቃል፤ ያም ሰላምታ ከሆነ። ሮሪሳ የተቀየመው በፕሮፔለሩ ነው እያለ አሥራ አምስት ዓመት ራሱን ሲያታልል ኖረ። አይ ሰው።

"ጋሽ ሀብቴ፣ ክፉ ነገር ተናገርኩ?"

"የለም። ደግ አደረግሽ።"

የራሱን ፕሮፔለር ከቶርኖው ፈታ። ክንፉን በአውራ ጣቱ አንዴ ዳሰሰውና ወደ ጆንያው መልሶ ከተተው። አሮጌውን ሞርሳው ላይ አሰረ፤ ከብየዳው ጎን የተጎረደውን ጠርዝ በሊማ ማለስለስ ጀመረ። ሩብ ሰዓት ያህል ሠራ። ቢፍቱ ቆማ እያየችው ነበር፤ አላቋረጠችውም።

"ይሄን ነው የምትገጥሙት" አለ ሲጨርስ። "ቡሎኑን ካጠበቃችሁ በኋላ እንዳይፈታ የሚይዘውን ስፒል እንዳትረሱ።"

"ለሦስት ሰው ግን የእርስዎ ጥሩ ነው የሚሉ መስሎኝ ነበር። ሲለኩት ፊትዎ በርቶ ነበር።"

"ለሦስት የኔው ነው። እሱም ጆንያው ውስጥ አለልሽ፤ አባትሽ ከፈለገ ይግጠመው፣ አልቀየመውም። እኔ የመረጥኩት ግን ለአራት ነው።"

"አራተኛው ማነው?"

ሀብተሚካኤል ጆንያውን አሰረላት፣ አነሳላት፣ እስከ በሩም ተሸከመላት። ከዚያ ሊሰጣት ሲል እጁ ላይ ቆየ።

"እሁድ ቃሊቲ አደባባይ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ" አለ። "ካላቆማችሁም አልቀየምም። አባትሽን ግን እንዲህ በይው፤ ተሳፋሪውን ሲቆጥር እንደ ድሮው ይቁጠር።"