አጥፍቶ መጀመር

ሙሉአለም ከመማሪያ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ ሽቦ ለማንሳት እጇን ስትዘረጋ፣ አንዳች ነገር ክንዷን እስከ ትከሻዋ መትቶ ከግድግዳው ጋር አላተማት። ጄነሬተሩ ከጠፋ ቆይቷል።

ወንድሟ አበራ ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ። «እትዬ፣ እጅሽን አሳይኝ።»

መዳፏ ላይ ጥቁር ነጥብ ወጥቷል፤ ጣቶቿም አልታዘዝ ብለዋታል።

«አጥፍተኸው አልነበር?» አለችው።

«አጥፍቼው ነበር። ኤሌክትሪክ የሚይዙትን ኮንደንሰሮች ግን ባዶ አላደረግኳቸውም።» ድምፁ ወረደ። «ያጠራቀሙት ኤሌክትሪክ እዚያው ይቀራል። እኛ መሥሪያ ቤት ይህን የረሳ ሰው ከሥራ ይባረራል።»

ሙሉአለም በሆሳዕና ከተማ የሳይንስ አስተማሪ ናት። አበራ ደግሞ ከአውሮፓ ለዕረፍት መምጣቱ ነው፤ እዚያ በዓይን የማይታዩ ቅንጣቶች በትልቅ ክብ ቧንቧ ውስጥ በሚሮጡበት ቤተ ሙከራ ይሠራል። የእሱ ድርሻ፣ የተጠራቀመውን ኤሌክትሪክ ባንዴ ለማግኔት ለቅቆ የቅንጣቶቹን ጨረር ወደ ሌላ መንገድ መግፋት ነው። ትንሽ ከዘገየ ጨረሩ የቧንቧውን ግድግዳ መትቶ ይባክናል። ይህንኑ ለተማሪዎቿ በትንሹ እንዲያሳይላት ለምናው፣ ከአሮጌ ሬድዮ በተፈቱ ኮንደንሰሮችና በአንድ የመስታወት ቱቦ መሣሪያ ገጣጠመላት። ኤሌክትሪኩ ሲለቀቅ፣ በመስታወቱ ላይ ያለችው አረንጓዴ ነጥብ ትዘላለች።

በማግስቱ አባታቸው አቶ ጠና ወሬውን ሰምተው ከገጠር፣ ከሌሞ፣ በጋሪ ወደ ትምህርት ቤቱ መጡ። የታሰረውን እጇን ዓይተው በሀዲይኛ፣ «ይህን ነገር ይዘህልን ሂድ» አሉት አበራን። እሱም መሣሪያውን ሊፈታ ፒንሳውን አነሳ።

«ተወው» አለች ሙሉአለም።

አባቷ ዞር አሉ። «አልፈራሽም?»

«ፈርቻለሁ፣ አባባ። ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም።»

«ታዲያ ምን ይሁን ነው የምትይው?»

ተማሪዎቿን አሰበች። ከተማው መብራት ሊገባለት ነው ይባላል፤ ተማሪዎቿ ነገ ሬድዮ ይፈታሉ፣ ሽቦ ይነካሉ። ጠፍቷል ብለው፣ ልክ እንደ እሷ፣ እጃቸውን ይሰዳሉ።

«ፍርሃቴንም ጨምሬ ላስተምራቸው» አለች በመጨረሻ።

አቶ ጠና ባርኔጣቸውን አውልቀው ከክፍሉ ኋላ ተቀመጡ።

ተማሪዎቹ እየተጋፉ ገቡ። አበራ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ፣ «መጀመሪያ ነጥቧን እናሳያቸው፤ ደስ ትላቸዋለች» አላት።

«የለም። መጀመሪያ ምን እንደረሳህ ንገራቸው።»

ፊቱ ቀላ። ቢሆንም ወደ ተማሪዎቹ ዞሮ፣ እህቱን በኤሌክትሪክ ያስመታት እሱ መሆኑን ሳይሸሽግ ነገራቸው። ሙሉአለምም ጄነሬተሩን ሳታስነሳ፣ ኮንደንሰሮቹን ባዶ የሚያደርገውን፣ የእንጨት እጀታ ያለውን ማራገፊያ ሽቦ አንስታ ከፊት ለተቀመጠችው ልጅ አቀበለቻት።

«ነጥቧ ነገ ትደርሳለች» አለች። «ዛሬ ማጥፋት እንማር።»