ቆይ-ቆይ «ግዢው» ያለ ቀን

የባሌን ታናሽ ወንድም ሰፈሩ ሁሉ «ቆይ-ቆይ» ነው የሚለው። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ አይጸጽተኝም። ሞባይል ይጠግናል፣ ስለ ዕቃ የማያውቀው የለም፣ ቤታችን ውስጥ ደግሞ እሱ ሳይመርቀው የሚገዛ ነገር የለም። ፍሪጅ እንግዛ ስንል «ቆይ፣ መብራት የማይበላ እየመጣ ነው» ብሎን ሁለት በጋ ሙሉ ለብ ያለ ውሃ ጠጥተናል። ስንነጫነጭ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይለናል።

ዘንድሮ ግን ነገሩ የፍሪጅ አልነበረም። እኔ የተማሪ ሹራብ ላይ የትምህርት ቤት አርማ እጠልፋለሁ። እጠልፋለሁ ስል የሚጠልፈው ማሽኑ ነው፤ ማሽኑን የሚያዘው ደግሞ ኮምፒውተሩ ነው። እሱ አርጅቷል። ቬንትሌተር ካልነፈሰበት አይነሳም፣ ከተነሳም አርማው መሃል ላይ ጥሎን ይጠፋል። አዲስ እንግዛ ስል ቆይ-ቆይ እጁን አነሳ። የኮምፒውተር አንጎል፣ ፕሮሰሰር የሚሉት፣ ከሥሩ ሊለወጥ ነው አለ፤ አሁን የሚገዛ ሰው ነገ ቆርቆሮ ታቅፎ ይቀራል። ባሌም ራሱን ነቀነቀ። የሱ ነገር፣ ወንድሙ ካለ አለ ነው።

እኔን ያስጨነቀችኝ ግን እናቴ ናት። ይህን ሥራ ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ ዕድሜዋን ሙሉ በእጇ ስትጠልፍ ዓይኗን ጨርሳለች። አምና ዓይኗን ቀዶ ጥገና ተደርጎላት ስትወጣ ሐኪሙ ቁርጡን ነግሯታል፤ ከእንግዲህ ጥልፍ ከያዘች የቀረውም ይሄዳል። መርፌዋ ግን ከቀሚሷ አንገት ላይ አልጠፋም ነበር። ማሽኑ ባቆመ ቁጥር «ምን ችግር አለ፣ እኔ በእጄ እጨርሰዋለሁ» ትላለች፤ እኔ እቆጣለሁ፣ እሷ ታኮርፋለች።

ትምህርት ሊጀመር ሲል፣ የሹራቡ ክምር እስከ መስኮቱ ደርሶ ሳለ፣ ኮምፒውተሩ ጭራሽ አልነሳ አለ። ብመታው፣ ብለምነው፣ ወይ ፍንክች። ክር ልገዛ ወጥቼ ስመለስ እናቴ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ፣ አንዱን ሹራብ አፍንጫዋ ላይ አስጠግታ ትጠልፋለች። ዓይኗ ደም መስሏል። እንባው በጉንጯ ይወርዳል፣ እሷ ልብም አላለችው። ሹራቡን ከእጇ ወሰድኩት።

ደሜ ፈላ። እሷን መናገር ስላልቻልኩ ቆይ-ቆይ ላይ ወረድኩበት። ሱቁ ድረስ ሄጄ በደንበኞቹ ፊት «አንተ ቆይ ስትል የእናቴ ዓይን አይቆይልኝም» አልኩት። የፈታውን ሞባይል እንደተበተነ ትቶ፣ የማሽኑን ፕሮግራምና አርማዎቹን ያስቀመጠበትን ፍላሽ ከመሳቢያ አውጥቶ ተከተለኝ።

ኮምፒውተር መሸጫው ስንደርስ ለካስ ያ የሚጠበቀው መጥቷል። ሻጩ እንደ ሙሽራ አቀረበልን፤ ቀጭን፣ ቀላል፣ ድምፅ የሚባል የለው። ቆይ-ቆይ ፊቱ በራ። አላልኩሽም የሚል ዓይኑን አየሁት። እውነቱን ለመናገር እኔም ደስ ብሎኝ ቦርሳዬን ከፍቻለሁ። ልማድ አይለቅም መቼም፣ «ቆይ» አለ፤ «መጀመሪያ ፍላሹን እንሞክረው።»

ሻጩ ሰካው። ፕሮግራሙ አልከፈት አለ። ደግሞ ሞከረ፣ ከዚህ ፕሮሰሰር ጋር አይሠራም የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ። ይኸው ነው እንግዲህ። ያን ሁሉ ጊዜ ስለ አንጎሉ ስናወራ የኛ ማሽን ከየትኛው አንጎል ጋር እንደሚግባባ ማናችንም አልጠየቅንም። ሻጩ ወደፊት ይስተካከል ይሆናል አለ። ትምህርት ከተጀመረ በኋላ ቢስተካከል ለኔ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ቆይ-ቆይ ግንባሩን አልቦታል። «የድሮው ዓይነት የቀረ አለ?» አለ በቀጭን ድምፅ። አንድ ነበር፤ መስታወቱ ውስጥ ለዕይታ የተቀመጠ፣ አቧራ የለበሰ፣ ዘወር ብሎ ያየው የሌለ። ሻጩ አቧራውን ጠርጎ ፍላሹን ሰካ፣ ፕሮግራሙን ጫነ። የትምህርት ቤቱ አርማ ከነመጽሐፉ ከነችቦው ስክሪኑ ላይ ቁጭ አለ። ቆይ-ቆይ ወደኔ ዞረ።

«ግዢው» አለኝ። «አሁኑኑ።»

ካወቅኩት ጀምሮ ይህ ቃል ከአፉ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ብቻ ሐሳቡን ሳይቀይር ከፍዬ ወጣሁ።

ቤት ገብተን ከማሽኑ ጋር ሲያገናኘው ትንፋሼን ይዤ ነበር። መርፌው አንዴ ወረደ፣ አንዴ ወጣ፣ ከዚያ ታታታታ እያለ ለቀቀው። እፎይ። የሹራቡ ክምር ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ ምን ያሳፍራል። ቆይ-ቆይ ይህ ኮምፒውተር አራት አምስት ዓመት እንደሚያደርሰን፣ እስከዚያ ፕሮግራሙም ከአዲሱ አንጎል ጋር እንደሚታረቅ ያስረዳኛል። ይሁን አልኩት፤ ያን ጊዜ ቆይ ሲለኝ አልቆጣም።

እናቴ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ድምፁን ስታዳምጥ ቆየች። የመጀመሪያው አርማ ሲያልቅ ተቀብላኝ በጣቷ ዳሰሰችው፣ ጀርባውንም ገልብጣ ዳሰሰችው፣ ክሩ አልላላም አለች። ከዚያ መርፌዋን ከቀሚሷ አንገት ላይ ነቀለችና ዘረጋችልኝ።

«እንኪ፣ አኑሪልኝ» አለች። «እኔ ትንሽ ጋደም ልበል።»