እርጥብ ሱፍ

ማሌሻኔ ጣቶቿን በበጊቱ ጎን ሱፍ ውስጥ ሰደድ አደረገችና እንደተቃጠለ ሰው ወዲያው መልሳ አወጣቻቸው። ዞር ዞር ብላ አየች። ልብ ያላት ሰው የለም። እንደገና ጎንበስ ብላ ሱፉን በሁለት እጇ ፈለቀቀችው። ሥሩ እንደ ወተት ነጭ መሆን ሲገባው ቢጫ ቅርፊት ይዟል፤ የቅርፊቱ ዳር ዳር አዥቷል። እጇ ሲነካትም በጊቱ ከንፈሯን እያንቀጠቀጠች ባዶ አየር ታኝካለች።

እከክ ነው። በግ ያረባ ሰው ይህን ለማወቅ ማንንም አይጠይቅም።

ከታች፣ ከመሸለቻው ቤት፣ የመቀሶቹ ቅጭ ቅጭታ ይሰማል። ከእሷ በፊት የቀረው አንድ መንጋ ብቻ ነው። ተራው በዕጣ ስለሆነ እያንዳንዱ ሰው በጎቹን በየፊናው ዳገቱ ላይ ይዞ ይጠብቃል፤ ሲጠራ ወደ ጠባቧ ጉረኖ ያስገባል። እዚያች ጉረኖ ውስጥ የማንም በግ ከማንም በግ ይተሻሻል፤ ሁሉም ጎኑን የሚያክከው በዚያው አጥር ነው። የማሌሻኔ ሠላሳ አራት በጎች ከገቡባት፣ ከኋላ የቆመው የሠላሳ ቤት በግ በሽታውን ይዞ ይወጣል።

ከሠላሳ አራቱ የራሷ ስድስት ብቻ ናቸው። የቀሩት ሰዉ ንታቴ፣ አባት፣ ብሎ የሚጠራው የሞሌፊ ናቸው፤ በማፊሳ ነው የያዘቻቸው። በጉ የባለቤቱ ነው፤ ድካሙ የእሷ ነው፤ ሱፉም የእሷ ነው። የልጇ የሌሻኔ የአዳሪ ትምህርት ቤት ክፍያ የሚወጣው ከዚያ ሱፍ ነው። የባሏ የሳል መድኃኒትም እንደዚያው። ባሏ ከወርቅ ማዕድኑ ሲመለስ ይዞ የመጣው ደረቱ ውስጥ የተቀመጠውን አቧራ ብቻ ነበር።

የታመመችው በግ ከሦስቱ አዲሶች አንዷ ናት። ከሦስት ሳምንት በፊት ሞሌፊ በፈረስ ሆኖ እየነዳ አምጥቶ፣ "እንግዲህ እንደ ልጆችሽ ያዣቸው" ብሎ አስረከባት። ሰው አምኖ የሰጠሽን በግ እዚያው ፊቱ ላይ ሱፉን እየገለጡ መፈተሽ፣ አታላይ ነህ ብሎ ከመስደብ አይለይም። አልፈተሸችም። እጅ ነስታ ተቀበለች። ከሄደ በኋላም አልፈተሸችም፤ በዚህኛው ግን የምታሳብበው ሰው አልነበራትም።

"አንቺ ማሌሻኔ! በጊቱን እንዲህ የምትደባብሻት ልትድሪያት ነው እንዴ?" አለች ማፑሌንግ ከወዲያኛው ጉብታ። ጎረቤቷ ናት፤ አሥራ አንድ በጎች አሏት፤ ተራዋም ከማሌሻኔ ቀጥሎ ነው።

"ስንጥር ገብቶባት ነው።"

"ቶሎ ንቀይላት! ሸላቹ ካቢ ስንጥር ያለበት ሱፍ ካገኘ እኛንም ይሸልተናል።"

ማሌሻኔ ለመሳቅ ሞከረች። ከዚያ ብርድ ልብሷን ትከሻዋ ላይ አጥብቃ ወደ ታች ወረደች።

ሞሌፊ የሱፍ አምራቾች ማኅበር ሊቀመንበር ነው። ደህናውን ብርድ ልብሱን ለብሶ በታሰሩት ቦንዳዎች አጠገብ ቆሟል።

"ንታቴ፣ አንዴ ወደዚህ ይምጡልኝ።"

ከቤቱ ጀርባ ወሰደችውና ያየችውን በሹክሹክታ ነገረችው። ሞሌፊ ምን አይነት ቅርፊት ነው፣ የትኛዋ በግ ናት አላላትም።

"ማን አይቷል?" አለ።

"እኔ ብቻ።"

"ጎሽ።"

"ንታቴ፣ እነዚያን ሦስቱን ከየት ነው ያመጧቸው?"

"ከወንዙ ማዶ ነው። ርካሽ አገኘሁ፣ ገዛሁ። ርካሽ መግዛት ወንጀል ሆነ?" ዘወር ብሎ ማንም አለመስማቱን አየ። "አሁን ስሚኝ። የግብርና ባለሙያው እከክ የሚባል ነገር ከሰማ ይህን ቤት ያሽገዋል። የሱፍ መኪናው ሐሙስ ይመጣል። ሠላሳ ቤት ሱፉን በጉ ጀርባ ላይ ተሸክሞ ሊከርም ነው። ያኔ ሰዉ የሚረግመው እኔን አይደለም፤ አንቺን ነው።"

"እና ላስገባቸው?"

"አስገቢ አልወጣኝም። ረጥበዋል በይ። ሌሊት አካፍቷል፤ እርጥብ ሱፍ አይሸለትም፤ ማንም አይጠይቅሽም። ሐሙስ ከሁሉም ኋላ ትገቢያለሽ። እስከዚያ የእከኩን መርፌ ከከተማ አስመጣለሁ።"

"መስኩስ? ነገም ተነገ ወዲያም ከሰው በግ ጋር ነው የሚውሉት።"

"ሦስት ቀን ምን አላት? ለዝምታሽ ደግሞ ሁለት በግ ያንቺ ይሁኑ።"

"ከታመሙት?"

ሞሌፊ ሳያስበው ፈገግ አለ። "ከጤነኞቹ፣ አንቺ ነገረኛ።" ወዲያው ፊቱ ተመለሰ። "እምቢ ካልሽ ግን ማፊሳ እንደተሰጠ ይወሰዳል። ይህን እኔ አልነግርሽም።"

ዳገቱን እየወጣች ታሰላ ጀመር። ሁለት ጤነኛ በጎች። ሌሻኔ በዚህ ዓመት ትጨርሳለች። ደግሞስ ረጥበዋል ማለት ምን አለበት? እውነትም አካፍቶ ነበር። ማንንም አትገድል፣ የማንንም አትሰርቅ። ሦስት ቀን ነው።

"ማሌሻኔ!" ሸላቹ ካቢ መቀሱን ቅጭ ቅጭ እያደረገ በሩ ላይ ወጣ። "ያንቺ ተራ ነው፤ ሙሽሮቹን አምጪ!"

"ረጥበዋል" አለች።

"ምን ሆነዋል?"

"ረጥበዋል! ሱፋቸው አልደረቀም፤ ሐሙስ አስገባቸዋለሁ።"

"በዚህ ፀሐይ? ሜ ማሌሻኔ፣ እናቴ፣ ወንዝ ውስጥ ነው እንዴ ያሳደርሻቸው?"

ሰዉ ሳቀ። እሷም ሳቀች። አለቀ፤ ቀላል ነበር።

ማፑሌንግ ግን ልማዷ ሆኖ ዝም አላለችም። "ተይው ይሄን አፈኛ" አለች ብትሯን እያነሳች። "ታዲያ እኔ ብቻዬን ምን ቸኮልኩ? ሐሙስ አብረን እንገባለን። የኔ ጉረኖ ቆርቆሮ አለው፤ ያንቺ ጣሪያ የለውም፤ ሰማዩም በወዲያ በኩል መልሶ እየጠቆረ ነው። ሦስቱንም ቀን በጎችሽ እኔ ዘንድ ይደሩ፣ ከነዚህ ጋር ይሟሟቃሉ። አንቺም ሌሊት ባልሽን ታስታምሚያለሽ።" ይህን እያለች አሥራ አንዱን በጎቿን በፉጨት አስነሳቻቸው። በጎቹ ጉብታውን ተሻግረው ወደ ማሌሻኔ መንጋ መውረድ ጀመሩ።

አሥር እርምጃ ቀራቸው። ስምንት።

"መልሺያቸው!" ብላ ጮኸች ማሌሻኔ።

"ምን ሆንሽ?"

"መልሺያቸው፣ እህቴ! አታስጠጊያቸው! እከክ አለባቸው!"

የመቀሶቹ ድምፅ ቆመ።

ማፑሌንግ ሮጣ በጎቿን አገደች። "ትናንት ምንጩ ላይ አብረው ጠጥተዋል" አለች።

"ትናንት አላወቅሁም።"

"መቼ ነው ያወቅሽው?"

ማሌሻኔ ዋሽታ ልትድን ትችል ነበር። "ቅድም" አለች። "ስንጥር ነው ስልሽ።"

ማፑሌንግ አየቻት። ከዚያ ጀርባዋን ሰጠቻትና የመጀመሪያዋን በግ በእግሯ መካከል ይዛ ሱፏን መፈልቀቅ ጀመረች። ዳገቱ ላይ ያለው ሰው ሁሉ እንደሷ አጎነበሰ። ካቢ ከታች ወጥቶ የታመመችዋን በግ ገልጦ አየ፤ ጆሮዋንም ገለበጠ። የጆሮዋን ምልክት አገሩ ሁሉ ያውቀዋል።

"የሊቀመንበሩ ናት" አለ፣ ቀልዱ ጠፍቶት። "ደግነቱ ጉረኖው ውስጥ አልገቡም። ባለሙያው ይምጣና ይይልን። ቢዘጋም ይዝጋ፤ ሳንደብቀው ይዝጋው።"

ሞሌፊ በዝግታ ወደ እሷ መጣ። ድምፁን አላነሳም።

"ነገ ጠዋት በጎቼን እወስዳለሁ።"

"የት ይወስዷቸዋል?"

"ማፊሳ ስጠን የሚሉኝ ሞልተዋል። ከሸለቆው ማዶ ያሉት ወሬኛ አይደሉም።"

ማሌሻኔ ከሸለቆው ማዶ በጎቹን የምትቀበለውን ሴት አሰበቻት። አታውቃትም። ግን እጅ ነስታ ስትቀበል፣ ሱፉን ሳትገልጥ ወደ ጉረኖዋ ስታስገባ ታየቻት።

"አይወስዷቸውም፣ ንታቴ" አለች።

"ምን አልሽ?"

"በጎቹ የርስዎ ናቸው። ሱፉም ይቅርብኝ። ሲድኑ ሃያ ስምንቱንም ቆጥሬ አስረክብዎታለሁ። እስኪድኑ ግን ከኔ ጉረኖ አይወጡም።"

"የኔን በግ ልትከለክይኝ?"

"አዎ" አለች። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ እሷንም አስደነገጣት። በአገሩ ወግ ማፊሳ የተሰጠው ሰው ለሰጪው እንዲህ አይልም። "ጠዋት ይምጡ፤ በሩ ላይ ያገኙኛል። የመንደራችንን አለቃ ፍርድ ከፈለጉም እሄዳለሁ።"

ሞሌፊ ወደ ሰዉ ዞረ፤ የሚያግዘው ፊት ፈለገ። ሰዉ በየበጉ ላይ አጎንብሷል።

ማሌሻኔ አፏጭታ በጎቿን አስነሳች። ወደ ቤቷ የሚወስደው መንገድ ሁለት ነው። አንዱ ሣሩ ለምለም የሆነው፣ የሁሉም መንጋ የሚሄድበት የምንጩ መንገድ ነው። ሌላው ጎርፍ የቦረቦረው ገደል ነው፤ ድንጋይ እንጂ ቅጠል የለውም፤ እስኪመሽ ያስኬዳል። በጎቹ ተርበው ነበርና እንደ ልማዳቸው ወደ ምንጩ አጋደሉ። ሮጣ ከፊታቸው ቆመች፤ ብርድ ልብሷን ከትከሻዋ አውርዳ በሁለት እጇ ዘረጋችው፤ አንድ በአንድም ወደ ገደሉ መለሰቻቸው።