ደምለውና ሦስቱ ድምፆች

ደምለው በመተማ ዮሐንስ፣ ከጭነት መኪኖች ማቆሚያው ጀርባ ባለችው ትንሽ የወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለዓመታት ብቸኛው ጊታር ተጫዋች ነበር። ቀን ቀን ሞባይልና ቴፕ ይጠግናል። አመሻሽ ላይ ከመዘምራኑ ጋር ይለማመዳል። እሑድ ደግሞ ቆርቆሮው በሙቀት በሚንጣጣበት አዳራሽ ፊት ቆሞ፣ ስድስቱንም ክሮች ከላይ እስከ ታች እየገረፈ ቤቱን በድምፅ ይሞላዋል። ጊታር ማለት ለእሱ ይህ ነበር። ምእመናኑም "ደምለው ካለ ሌላ መሣሪያ ምን ያደርጋል?" ይሉታል፤ እሱም ያምናቸው ነበር።

ሚስቱ ትሕትና ከመዘምራኑ ሁሉ ድምፀ መልካሟ ናት። የተዋወቁት እዚያው መድረክ ላይ ነው። እሷ ትዘምራለች፣ እሱ ያጅባታል፣ ከዚያ አብረው ወደ ቤት ይሄዳሉ። ደምለው ከዚህ የተለየ ነገር ተመኝቶ አያውቅም።

ናሁሰናይ የመጣው በ2003 ዓ.ም. ክረምት፣ ሰሊጥ በሚታረምበት ሰሞን ነው። ካርቱም በሾፌርነት ብዙ ዓመት ሠርቶ በድንበሯ ከተማ በገላባት በኩል የተመለሰ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ እርሻ ላይ ትራክተር የሚነዳ ቀጭን ሰው ነበር። ንግግሩ መሃል ዓረብኛ ጣል ያደርጋል፤ ብዙ ግን አይናገርም። ካርቱም ሳለ ከደቡብ ሱዳን ክርስቲያኖች ጋር ያመልክ እንደነበር፣ ጊታርም ከእነሱ እንደተማረ ለሔለን ነገራት። ሔለን የመዘምራኑ መሪ ናት፤ ኪቦርዱንም የምትጫወተው እሷ ናት። ከዕቃ ቤት አቧራ የለበሰ አሮጌ ጊታር አውጥታ ሰጠችውና "እስኪ ከደምለው ጋር ሞክር" አለችው።

በዚያ የመጀመሪያ ልምምድ ናሁሰናይ የሚያስደንቅ ነገር የሠራ አልመሰለም። ጣቶቹን ከጊታሩ አንገት መሃል፣ ቀጫጭኖቹ ሦስት ክሮች ላይ ብቻ አሳረፈ። አንዴ ነካ አድርጎ ዝም አለ። ቆየት ብሎ ከፍ ያለ ቦታ ሄዶ ደግሞ ነካ አደረገ። ወፍራሞቹን ክሮች ጭራሽ አልነካቸውም። ደምለው "ይሄ ገና ጀማሪ ነው" ብሎ በልቡ አዘነለት።

ከዚያ ትሕትና ብቻዋን የምትዘምርበት ቦታ ደረሰ። ዓይኗን ጨፍና ጀመረች። አንዱን መስመር ጨርሳ ትንፋሽ ስትወስድ፣ ናሁሰናይ በዚያች ክፍተት ሦስት ድምፅ አሾልኮ አስገባ፤ አንዷን ጣቱን ብቻ ሸርተት አድርጎ ድምፁን አለሰለሰው። ትሕትና ዓይኗን ገለጠች። ዞር ብላ ጊታሩን አየች። ፈገግ አለችና የሚቀጥለውን መስመር ደምለው ከእሷ ሰምቶት በማያውቅ ቀስ ያለ ድምፅ ዘመረችው።

ደምለው እጁ ክሩ ላይ ቀረ። ከተጋቡ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ እሱ ሲጫወት አንድም ቀን ዞራ አይታው አታውቅም።

ወደ ቤት ሲሄዱ አላስችል አለው።

"ምን አይተሽ ነው የዞርሽው?"

"መቼ?"

"እሱ ሲጫወት።"

ትሕትና አሰበች። "እኔ እንጃ። የሆነ ሰው የጠራኝ መሰለኝ" አለች።

ይህ መልስ ደምለውን ከማብረድ ይልቅ አቃጠለው። አይቼው ነው ብትለው ይሻለው ነበር። ወጡን ስታማስል ያንን መዝሙር ስታንጎራጉር ይሰማታል፤ የምታንጎራጉረው ዜማውን ብቻ አይደለም፣ የናሁሰናይን ሦስት ድምፅ ጭምር ነው። "እስኪ ዝም በይ፣ ራሴን አሞኛል" ይላታል። ዝም ትላለች፤ ትንሽ ቆይታ ሳታውቀው ትጀምረዋለች።

ከዚያ ወዲህ ደምለው ልምምድ የሚሄደው የናሁሰናይን ጣት ለመስረቅ ሆነ። ጠይቆ መማር የሚታሰብ አልነበረም። አንገቱን አቀርቅሮ የራሱን የሚጫወት እየመሰለ፣ የዚያን ሰው እጅ የት እንዳረፈ በዓይኑ ይለቅማል። ጠዋት ሱቁን ሳይከፍት የለቀመውን ይሞክራል። የጂ ኮርድ፣ እሱ ዕድሜ ልኩን አንድ ቦታ ላይ የሚያውቀው፣ በቀጫጭኖቹ ክሮች ሦስተኛው ፍሬት፣ አንገቱን ከሚከፍሉት ብረቶች ሦስተኛው ላይ አለ። ወደ ሰባተኛው ሲወጣም አለ። አሥረኛውን አልፎ ደግሞ ከወደ ጉያው አለ። አንድ ኮርድ እንዴት ሦስት ቤት ይኖረዋል? ቅርፆቹን አንድ በአንድ ሸመደዳቸው። ሲጫወታቸው ግን የናሁሰናይ አይሆኑም። ቅርፁ ያው ነው፣ ቦታው ያው ነው፣ ከእሱ እጅ ሲወጣ ግን ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ጠጠር ይንጣጣል።

ጥቅምት ሲገባ በጎረቤቷ ከተማ በሸሕዲ አዲስ የተሠራ የጸሎት ቤት ሊመረቅ ሆነ። የመተማ መዘምራን ተጋበዙ፤ ትሕትና ብቻዋን እንድትዘምር ተወሰነ። ፕሮግራሙ ለእሑድ ነበር፤ በኋላ ወደ ቅዳሜ ተዛወረ። ናሁሰናይ ያለበት እርሻ ኔትወርክ የለውም። ትራክተር ነጂዎቹ ስልካቸውን ቻርጅ ለማድረግ ደምለው ሱቅ ስለሚመላለሱ፣ ወደ እርሻው የሚላክ ቃል ሁሉ በዚያ በኩል ነው የሚያልፈው። ሔለን በሱቁ በር ስታልፍ "ደምለው፣ ቅዳሜ መሆኑን ለናሁሰናይ ላክበት፤ አደራ!" አለችው።

"እሺ" አላት።

በማግስቱ ከእርሻው አንድ ሾፌር መጣ። ስልኩን ሰጠ፣ ሻይ ጠጣ፣ ስለ ሰሊጡ ዋጋ አወራ። ቃሉ ደምለው ምላስ ጫፍ ላይ ነበር። ሾፌሩ ስልኩን ተቀብሎ "በል ደኅና ዋል" አለ። ደምለውም "ደኅና ዋል" ብሎ ሸኘው።

ቅዳሜ ሸሕዲ ያለ ናሁሰናይ ሄዱ። መንገዱ ሰሊጥ ሊያጭዱ በወረዱ ሳሉጎች ተሞልቷል፤ ከጎጃምም ከወሎም የመጡ የቀን ሠራተኞች ማጭዳቸውን በጨርቅ ጠቅልለው አሠሪ ይጠብቃሉ። ሔለን በሚኒባሱ መስኮት እያየች "አጨዳ ደርሶበት ይሆናል፤ አልለቀቁትም ይሆናል" አለች። ደምለው ጊታሩን መቃኘት ጀመረ።

ትሕትና መዘመር ስትጀምር ደምለው የሸመደዳቸውን ቅርፆች አወጣ። የመጀመሪያው ክፍል ደኅና ሄደ። ሊያዩት አንገታቸውን ያሰገጉ ሰዎች ነበሩ፤ ደስ አለው። ትሕትና ግን አልዞረችም። መዝሙሩ ወደ ማለቂያው ሲቃረብ ሔለን ሕዝቡ መነቃቃቱን አይታ፣ በልምምድ ያልነበረ ነገር አደረገች፤ የኪቦርዱን ቅኝት ከጂ ወደ ቢ ፍላት ከፍ አደረገችው። ቤዝ የሚጫወተው ሸጋው ወዲያው ተከተላት። ደምለው ጣቶቹን ወደ ላይ አንሸራተተ፣ ነካ፤ የተሳሳተ ድምፅ ወጣ። ወደ ታች ወረደ፣ ነካ፤ የባሰ ሆነ። ቅርፆቹ የቱ ቦታ ላይ እንደሚቀመጡ እንጂ በውስጣቸው ምን እንዳለ አያውቅም ነበርና፣ ሁሉም ባንዴ ባዕድ ሆኑበት። ወደ ድሮ አገራረፉ ለመመለስም እጁ ፈራ። ከክሮቹ ላይ አነሳው።

ጊታሩ ዝም ሲል የትሕትና ድምፅ ብቻውን ወጣ። ከሥሩ ቤዙ አለ፣ ኪቦርዱ በስሱ አለ፣ መሃሉ ባዶ ነው። በዚያ ባዶ ቦታ እሷ እንደ ልቧ ተንጎራደደችበት። ሰው ሁሉ አለቀሰ።

ሲያበቁ የጸሎት ቤቱ አገልጋይ ፓስተር ይርዳው የደምለውን ትከሻ አቀፉ። ሽማግሌ ናቸው።

"ልጄ፣ ተባረክ። መጨረሻው ላይ ጊታሩን ያቆምክበት ቦታ! ይሄ ከእግዚአብሔር የሆነ ጥበብ ነው።"

"አሜን፣ ፓስተር። እርስዎም ይባረኩ" አለ ደምለው። ፊቱ ጋለ። በሕይወቱ የተመሰገነበት ትልቁ ነገር ያልተጫወተው ሆነ።

ሰኞ ረፋድ ላይ ትሕትና ሱቁ ውስጥ ምሳ ይዛ ተቀምጣ ሳለ ናሁሰናይ ገባ። ነጭ ሸሚዙ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ እንደገና በአቧራ ቀልቷል።

"ትናንት ሸሕዲ ሄጄ ነበር" አለ፣ ለደምለው። "ፎርማኑን ለምኜ፣ በሰው ትራክተር ተጎታች ላይ ተጭኜ። በሩ ተቆልፏል። ዘበኛው 'ትናንትና አለፈ' አለኝ። አሁን ሔለንን አገኘኋት፤ ለአንተ ነግራሃለች።"

"ነግራኛለች።"

"ረሳኸው?"

ደምለው "አዎ" ሊል ነበር። ትሕትና አየችው።

"አልረሳሁትም" አለ።

ደምለው ይመታኛል ብሎ ጠበቀ። "አንተ ቤት አለህ፣ ሱቅ አለህ፣ ጊታሩም የራስህ ነው" አለ ናሁሰናይ። "እኔ ከዚያ አገር ይዤ የመጣሁት ይቺኑ ሦስት ድምፅ ነው። በይቺው ድምፅ ነው የቀናህብኝ? ኸላስ፣ በቃ። ከእንግዲህ አልመጣም።" ወጥቶ ሄደ።

ትሕትና የምሳ ዕቃውን ክዳን መልሳ ገጠመችው።

"የቀናኸው በእኔ ነው ወይስ በጊታሩ?"

"አላውቅም፣ ትሕትና። እውነቴን ነው አላውቅም።"

"በእኔ ከሆነ ሰድበኸኛል። በጊታሩ ከሆነ ሂድና ተማር።"

ያን ሳምንት ሌላ ቃል አላነጋገረችውም። ሔለን ደግሞ በመዘምራኑ ሁሉ ፊት የሆነውን እንዲናገር አደረገችው፤ ተናገረ። ናሁሰናይ ግን ቃሉን ጠብቆ ቀረ። ልምምዱ ድሮ እንደነበረው ሆነ። ደምለው የድሮውን አገራረፍ ሲሞክር፣ ትሕትና ድምፁን ለማለፍ እንዴት እንደምትጮህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማ። አንገቷ ላይ ያለው ሥር ይገተራል። ይህን ሁሉ ዓመት ስትጮህ ነው የኖረችው።

በሚቀጥለው ቀን ሱቁን ዘግቶ፣ ጊታሩን በጀርባው አዝሎ፣ ውኃ በሚያመላልስ ትራክተር ተጎታች ላይ ወጣ። እርሻው ሲደርስ ናሁሰናይ ከቆመ ትራክተር ሥር ገብቶ ዘይት ያፈሳል። እግሩ ብቻ ነው የሚታየው።

"ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት" አለ ደምለው ለእግሩ።

ደምለው ጥላው ውስጥ ተቀመጠ። ናሁሰናይ ዘይቱን አፍሶ፣ ፊልትሮውን ቀይሮ፣ አዲሱን ሞልቶ እስኪጨርስ አላናገረውም። ከዚያ ወጥቶ እጁን በናፍጣ ታጠበ።

"ጊታሩን ለምን አመጣኸው? ይቅርታ በጊታር ነው እንዴ የሚጠየቀው?"

"አስተምረኝ።"

ናሁሰናይ ሳያስበው ሳቀ፤ ንዴቱ ግን ከፊቱ አልለቀቀም። "ጂ ያዝ" አለ።

ደምለው ስድስቱንም ክር መታ።

"ስንት ድምፅ ነው?"

"ስድስት።"

"ሦስት ነው። ጂ፣ ቢ፣ ዲ። የቀረው እነዚሁ ሲደጋገሙ ነው። አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ስለተናገርክ ሰው የበለጠ አይሰማህም።" ጊታሩን ተቀብሎ በቀጫጭኖቹ ላይ ያዘ። "እዚህ ጂው ከላይ ነው። እዚህ መሃል ገባ። እዚህ ደግሞ ከታች ሆነ። ቅርፁን አትሸምድድ፤ ጂው የቱ ክር ላይ እንደተቀመጠ እወቅ። እሱን ካወቅክ ሔለን ወደፈለገችው ብትወጣ ትከተላታለህ።"

ደምለው ሸሕዲ ላይ ምን እንደደረሰበት አሁን ገባው።

"ታች ያለውን ሸጋው በቤዝ ይዞታል" ቀጠለ ናሁሰናይ። "መሃሉን ሔለን ይዛዋለች። አንተ ስድስቱንም ስትገርፍ ሚስትህ የምትቆምበትን ቦታ ትወስድባታለህ። አንዴ ነካ አድርግና ጠብቃት። ትንፋሽ ስትወስድ ተራው ያንተ ነው።"

"ይህን ሁሉ እንዴት አወቅከው? እሷን አጥንተሃታል ማለት ነው?"

ሳያስበው ነው የወጣው። ናሁሰናይ ጊታሩን መለሰለት።

"አሁንም እዚያው ነህ" አለ። "ሰው ሲዘምር መስማት ነው እንጂ ሌላ ምንም አይደለም። አንተ ሰምተሃት ታውቃለህ?"

ደምለው ጊታሩን አቅፎ ሠራተኛው ሁሉ ለምሳ እስኪሰበሰብ ሦስቱን ድምፆች ሲያነሳና ሲጥል ቆየ። ደምለው ሲሳሳት ናሁሰናይ "አይደለም" ይለዋል፣ ሲያገኘው ዝም ይላል።

ደምለው ሊሄድ ሲነሳ ናሁሰናይ "ለሔለን እመለሳለሁ በላት" አለው፤ እንዳለውም ወደ መዘምራኑ ተመለሰ። እስከ አጨዳው መጨረሻ ሁለቱ አብረው ተጫወቱ፤ አንዱ ከታች ሲነካ ሌላው ከላይ ይመልሳል። ጓደኛሞች ሆኑ ማለት ግን አይቻልም። ልምምድ ካለቀ በኋላ አብረው ሻይ ጠጥተው አያውቁም። ሰሊጡ ተወቅቶ ሲያልቅ የእርሻው ባለቤት ሾፌሮቹን አሰናበተ፤ ናሁሰናይም ሁመራ ሥራ እንዳገኘና በጠዋት እንደሚሄድ ለመዘምራኑ ነገረ።

ደምለው ይህን ሲሰማ መጀመሪያ የተሰማው ደስታ ነበር። ከትሕትና አልደበቀም፤ ነገራት።

"ሄደልኝ ብዬ ደስ አለኝ።"

ትሕትና ጥርሷን ነክሳ ሳቋን ያዘች። "አሁንስ?"

"አሁን ከላይ የሚመልስልኝ የለም።"

በሚቀጥለው ክረምት ደምለው ሔለን በፈለገችው ድምፅ ሁሉ ይከተላት ጀመር። አንድ እሑድ ከአገልግሎት በኋላ አንዲት እናት እጁን ጨብጠው "ዛሬ ልክ እንደዚያ እንደ ሱዳኑ ልጅ ተጫወትክ" አሉት። "እግዜር ይስጥልኝ፣ እማማ" አላቸው። ልቡ ውስጥ የሆነ ነገር ቆነጠጠው። ጊታሩን ከተተና ትሕትናን ሊፈልጋት ወደ ውጭ ወጣ። ጥላ ሥር ከሔለን ጋር ቆማ አዲስ መዝሙር ታንጎራጉራለች። ሊያቋርጣት አልፈለገም፤ አጠገቧ ቆሞ እስክትጨርስ አዳመጣት።