ባዕድ የጠፋበት ድንኳን

መጋቢት ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፬ ዓ.ም.፣ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ተኩል። የወይዘሮ በለጠች ሣልስት፣ ከሞተች ሦስተኛው ቀን ነበር። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የተላከው አቶ ወልደ ማርያም ባርኔጣውን ሳያወልቅ ድንኳኑ ገባ፤ «እግዜር ያጥናሽ» እንኳ ሳይል የሟቿ ታናሽ እህት ሸዋገነት ፊት ወረቀት ዘረጋ።

«መንግሥት የሙት ልጅ ለሚያሳድግ ድጎማ ይሰጣል፤ ለባዕድ ነው ታዲያ። ዘመድማ ግዴታው ነው። ‹ዝምድና የለኝም› ብለሽ ፈርሚ፣ ሁለት ምስክር ይቁምልሽ።»

ለቅሶ የተቀመጡት ሴቶች ተያዩ። «ሰውዬው አሞታል?» አለች አንዷ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ። «ሦስት ቀን ‹እህት ዓለም› እያለች ደረቷን ስትደቃ የገንደ ቆሬ ሰፈር በሙሉ ሰምቷል። ባዕድ ናት ብለን እንማልለት?»

ሸዋገነት ሁለቱን የእህቷን ልጆች አየች። አባታቸው ቀድሞ ሞቷል። እሷ ጥጥ ፋብሪካ ሠርታ የምታገኘው ለአንድ ሰው እንኳ አይበቃም።

ጎረቤቷ ሃዎ ብድግ አለች። «አቦ፣ በኔ ስም ጻፈው! እኔ ሶማሌ ነኝ፣ እስላም ነኝ፤ ወላሂ ከኔ የባሰ ባዕድ ከየት ታመጣለህ?»

ወልደ ማርያም ብዕሩን አወጣ። ትንሿን ልጅ በአገጩ ጠቆማት። «ይቺን ሴትዮ ምን ብለሽ ነው የምትጠሪያት?»

«አክስቴ ሃዎ።»

«ይኸው! አክስት ዘመድ ነው፤» ብሎ ብዕሩን ከተተ።

«የተማረ ሰው እንዲህ ነው ለካ!» አለች ሃዎ።

ሸዋገነት አልሳቀችም። በጣልያን ጊዜ የሁለቱ እህቶች እናት ስትሞት በለጠች አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። የአጎታቸው ሚስት «ትልቋ ታገለግለኛለች፣ ትንሿን ለሚፈልግ ስጡ» ስትል፣ በለጠች ታናሿን አዝላ ወጣች። ለገሀር ባቡር ጣቢያ ዕቃ ተሸክማ፣ የሰው ልብስ አጥባ አሳደገቻት። «እህትሽ ናት ወይስ ልጅሽ?» ሲሏት «ምን አገባችሁ?» ትል ነበር።

«ትፈርሚያለሽ አትፈርሚም? ሥራ አለብኝ፤» አለ ወልደ ማርያም።

«ያምጡት።»

ሸዋገነት ወረቀቱ ላይ ከተዘረዘሩት ዝምድናዎች «እህት» የሚለው የቱ እንደሆነ ጠይቃ፣ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ እዚያው ላይ አጥብቃ ተጫነች።

«ይኼማ ከድጎማው ያስወጣሻል!»

«አውቃለሁ ጌታዬ።»

ትንሿን ልጅ ጭኗ ላይ አስቀመጠችና በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ጠረገችላት።

ልጆቹ እሷው ዘንድ አደጉ። ከመንግሥት ምንም አልመጣላቸውም።