የታጠበው ታንኳ

ሰይዳ ስትደውል ሰላምታዋ ረጅም ነው። ጤና፣ ሥራ፣ አገር ቤት፣ ሁሉንም ሳትጠይቅ ወደ ጉዳይዋ አትገባም። የዚያን ዓርብ ግን "ጋሽ ምስጋና፣ ሙሄዲንን ሊያሳስሩብኝ ነው፣ ድረስልን!" ብላ ዘጋችው። የመኪናዬን ቁልፍ ፍለጋ ቤቱን አተራመስኩት። ቁልፉ እጄ ላይ ነበር።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር። ሰይዳና ባሏ ሙሄዲን የወሎ ልጆች ናቸው። እሷ ዐረብ አገር፣ ኮበር ከተማ፣ አል ራዋቢ ሰፈር ውስጥ አቡ ያሲር የሚባል ነጋዴ ቤት ትሠራለች፤ እሱ ደማም ውስጥ አናጢ ነው። የሁለቱም ካፊል፣ በሕግ አስመጪያቸውና ዋሳቸው፣ አቡ ያሲር ነው። እኔ የአንድ እንጨት አስመጪ ኩባንያ ተቀጣሪ ነኝ። ከመርከብ የሚወርደው ሳንቃ የምን ዛፍ እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ ደረጃው ምን እንደሆነ እለያለሁ፤ የተማርኩትም እሱኑ ነው። ከሙሄዲን ጋር የተዋወቅነው እንጨት ሊገዛ ሲመጣ ነው። እጁ የተባረከ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ግን ሥራ ሲይዝ የሚያበዛ ሰው ነው። በር ጠግን ሲሉት መስኮቱንም ቀብቶ ይጠብቃል።

አቡ ያሲር ለዓመታት ጋራዡ ውስጥ የተቀመጠ፣ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ አሮጌ ታንኳ አለው፤ እነሱ ሁሪ ይሉታል። የእናቱ አባት ዕንቁ ጠላቂ ነበሩ አሉ። "አያቴ ታሩት ደሴት ላይ፣ ከገዛ ግቢው ሲድር ቆርጦ፣ በገዛ እጁ የሠራው ነው" እያለ ላገኘው ሁሉ ያወራል። ሲድር የሚሉት እኛ ቁርቁራ የምንለውን ዛፍ ነው። ለልጁ ሠርግ እንግዳ መቀበያው ውስጥ ሊያቆመው ፈለገና፣ አፍንጫው ላይ ያለውን ስንጥቅ እንዲጠግን ለሙሄዲን ሰጠው። ታንኳው ያን ዓርብ ጠዋት ሲመለስ ግን "ይህ የእኔ አይደለም! አሮጌውን ለፈረንጆች ሸጠህ አዲስ አመጣህብኝ!" ብሎ ጮኸ። ኢቃማውን፣ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ከኪሱ ወሰደበት። እስከ አስር፣ እስከ ከሰዓት በኋላው ሶላት ድረስ አሮጌው ታንኳ ካልመጣ ፖሊስ እጠራለሁ አለ። ለሰይዳ ልመና ያደረገላት አንድ ነገር ቢኖር እንጨት የሚያውቅ ሰው እንዲመጣ መፍቀዱ ነው።

ስደርስ ሙሄዲን ከበሩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጧል። ከንፈሩ ደርቋል። አቡ ያሲርና ሦስት የአጎቱ ልጆች ትራስ ተደግፈው ያዩታል። ታንኳው መሃል ላይ፣ ሁለት እግር ባለው ማቆሚያ ላይ ተጋድሟል። እንዳየሁት ወደ ሙሄዲን ዞሬ አፈጠጥኩበት። እንጨቱ ብጫ ነው። ገና ከመጋዝ የወጣ ሳንቃ እንኳ እንደዚያ አያበራም።

በአማርኛ "ሙሄ፣ ምንድን ነው ያደረግኸው?" አልኩት።

"በዐረብኛ!" አለ አቡ ያሲር። "እዚህ ቤት የምትማከሩት ነገር የለም።"

ሙሄዲን በዐረብኛ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ ነገረኝ። ታንኳው ጥላሸት የመሰለ ቅባት ጠጥቶ፣ ጠቁሮ፣ ይሸት ነበር። የሰው ዕቃ እንዴት ቆሽሾ ይመለሳል? እነሱ አገር፣ ወሎ፣ የተዋሱትን ማሰሮ እንኳ አጥበው አሽትተው ነው የሚመልሱት፤ ሳያጥብ የመለሰ ሰው ስሙ በመንደሩ ይነሣል። ስለዚህ በአሸዋና በሳሙና ፈተገው። አልለቅ ያለውን በብርጭቆ ስባሪ ፋቀው። የዛገውን ሚስማር ሁሉ ነቅሎ በአዲስ ተካው። ክፍያም አልጠየቀበት። "ደስ ይለዋል ብዬ ነው፣ ወላሂ!" አለ።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። አንድ ስንጥቅ ጠግን ተባለ፣ የሰውዬውን አያት ዘመን ሙልጭ አድርጎ አጠበው። እውነቱን ከሆነ ነው እንግዲህ። እኔ ራሴ እርግጠኛ አልነበርኩም። በኩባንያ ግቢዎች የሚኖሩ ፈረንጆች አሮጌ ነገር እንደሚያሳድዱ አውቃለሁ። ሙሄዲንም ያውቃል፤ የሸጠላቸው ሳጥን አለ።

አጉሊ መነጽሬን አወጣሁ። የላይኛው ፊት ተፍቆ አልቋል፣ ዕድሜውን የሚነግረኝ የለም። "ከውስጥ፣ ከማይታይ ቦታ፣ የጥፍር ያህል ልቁረጥ" አልኩ።

አቡ ያሲር ሳቀ። "የእኔ ከሆነ አትቆርጠውም። የእኔ ካልሆነ ደግሞ መቁረጥ ለምን ያስፈልጋል?"

ንዴቴ እስከ ጆሮዬ ወጣ፤ ግን ያለው ልክ ነበር። ከአጎት ልጆቹ አንዱ ሰዓቱን አየ። ከውስጥ፣ ከሴቶቹ ክፍል በር ጀርባ፣ የሰይዳን ሳል ሰማሁ፤ እዚያው ቆማ እያዳመጠች ነው።

በጉልበቴ ተንበርክኬ ታንኳውን መዳበስ ጀመርኩ። ዓይን ሲከዳ እጅ ይቀራል። በስተኋላው መቀመጫ ሥር፣ ሰው ተረከዙን የሚያሳርፍበት ቦታ፣ ሁለት ጎድጓዳ አገኘሁ። ጠርዙም በአንድ ወገን ብቻ በገመድ ተበልቷል። ጥሩ ምልክት ነው፤ ነገር ግን የብልጥ አናጢ እጅም ይህን ሊሠራ ይችላል። ሙሄዲን ደግሞ ብልጥ አናጢ ነው።

መዳፌን ሳነሣው ነጭ ዱቄት ይዟል።

"እሱም አለልህ" አለ አቡ ያሲር። "ከጠዋት ጀምሮ እናብሰዋለን፣ ተመልሶ ይመጣል። አዲስ እንጨት ስለሆነ ነው የሚሻግተው!"

ጣቴን ላስኩት። ሁሉም ፊታቸውን አጨማደዱ። ጨው ነው። እንደገና ሌላ ቦታ፣ ከዚያም ከሆዱ ሥር ላስኩ። ጨው፣ አሁንም ጨው።

"ይህ ሻጋታ አይደለም፣ ባሕር ነው" አልኩ። "ሙሄዲን ጨው በሌለው ውሃ አጥቦታል። ላዩን ፍቆታል። አዲስ ታንኳ ቢሆን ጨው አይኖረውም፤ ባሕር የነካው እንኳ ቢሆን በዚህ ሁሉ መታጠብ በለቀቀ ነበር። ይኼ ግን የእናንተ ማቀዝቀዣ ባደረቀው ቁጥር ከሆዱ ያወጣል። እንዲህ የሚጠጣው ብዙ ዘመን ባሕር ላይ የኖረ እንጨት ነው። ከተረከዙ ጉድጓድ ጋር ሳየው፣ ከስልሳ ዓመት አያንስም ባይ ነኝ። በዚህ አገር ነዳጅ ሳይወጣ የተሠራ ታንኳ ነው።"

አቡ ያሲር ተነሥቶ ራሱ ዱቄቱን ቀመሰ። ፊቱ ትንሽ ላላ። "ማለትህ፣ አያቴ የሠራው ሲድር?"

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የታንኳው አፍንጫ ላይ፣ ግንዱ ተቆርጦ ባለቀበት በኩል፣ የእንጨቱን ዓይነት ቅድም በመነጽሬ አይቼዋለሁ። የቁርቁራ እንጨት ቀላ ያለ፣ ጥብቅና ከባድ ነው። ይኼ ፈዛዛ ነው፣ ቀዳዳዎቹም በባዶ ዓይን ይታያሉ። ማንጎ ነው፤ የህንድ፣ የማላባር ጠረፍ ማንጎ። ይህን ያህል ውፍረት ያለው ማንጎ ታሩት ላይ አይበቅልም። ይህን ካልኩት ደግሞ ሰውየው "የእኔ ሲድር ነበር" ይልና ሙሄዲንን ያስረዋል። አንድ ቃል ብቻ፣ "አዎ፣ ሲድር ነው" ብል፣ ሙሄዲን ማታ ቤቱ ያድራል።

ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ተጠይቆ ዝም ማለት ግን አይቻልም። ዛሬ ሲድር ብዬ ባድነው ነገ ለሠርግ የሚመጣ አንድ አናጢ ማንጎ ነው ይለዋል። ያን ጊዜ ሁለታችንም ሌቦች ነን። ደግሞም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያልሆነ እንጨት ስም መጥራት ምላሴ እምቢ አለኝ። ሙሄዲንን ማየት ፈራሁ።

"ማንጎ ነው" አልኩ። "ከህንድ የመጣ። አሮጌነቱ እንዳልኩህ ነው፤ እዚህ ግን አልተሠራም።"

አቡ ያሲር መዳፉን በመዳፉ መታ። "አያቴ ህንድን አይቶ አያውቅም! እንግዲህ ይህ የእኔ አለመሆኑን ወገንህ መሰከረብህ" አለው ሙሄዲንን፣ ወደ ስልኩ እየሄደ።

ሙሄዲን አልጮኸም። "ሀስቢየላህ፣ አላህ ይበቃኛል" ብሎ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። የታንኳውን ጠርዝ ተደገፍኩ። ምን ነበር ዋሽቼ ባዳንኩት!

የሴቶቹ በር ተንኳኳ። አንድ ጊዜ፣ ከዚያም ደጋግሞ፣ በበትር። አቡ ያሲር መነጋገሪያውን እንደያዘ ዞረ። በሩ ገርበብ ብሎ ሰይዳ ብቅ አለች፤ ተሸፋፍና ዓይኗ ብቻ ይታያል። ወንዶች ወዳሉበት ስትገባ ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነው።

"ሀጃ ልካኝ ነው" አለች በዐረብኛ። የአቡ ያሲር እናት ማለቷ ነው። "እንደነገረችኝ ልናገር?"

"ተናገሪ።"

"'አባቴ ቢላ እንኳ መሳል አያውቅም ነበር' ትላለች። 'ሁሪውን ከህንድ መርከብ ላይ ነው የገዛው። እኔ ሠራሁት ያለን ልጆች ሆነን ስንጠይቀው ነው፤ ደስ ስላለን ዝም አልን፣ ለአንተም ያንኑ ነገርኩህ። በየዓመቱ ዕንቁ ፍለጋ ከመውጣቱ በፊት እኔና እናቴ በአሸዋ ስንፈትገው መልኩ ይኸው ነበር። ጠዋት ሳየው አወቅኩት፤ ያንተን ፊት አይቼ ፈራሁ። ያጠቆረው ያንተ ጋራዥ ነው። አሁን የሰውን ልጅ ልቀቅ' ብላለች።"

ከአጎት ልጆቹ አንዱ ሳቁን በሻርፑ ደበቀ። አቡ ያሲር አንገቱ ድረስ ቀላ። መነጋገሪያውን አስቀመጠና ወደ እናቱ ገባ። ሲመለስ ዓይኑ ረጥቦ ነበር። ኢቃማውን ለሙሄዲን ዘረጋለትና "ኸላስ፣ ማፊ ሙሽኪላ" አለ። ችግር የለም ማለቱ ነው። ለእሱማ የለም።

ሙሄዲንን ወደ ደማም ይዤው ሄድኩ። ከንዴት ይሁን ከደስታ አላውቅም፣ ብቻ አፌ አላርፍ አለ። "አንተ ሰውዬ፣ ካሁን ወዲያ የዐረብ ዕቃ ስታጥብ ባይህ እኔ ነኝ ፖሊስ የምጠራው!" አልኩት። ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ኢቃማውን ከኪሱ አውጥቶ አየውና መለሰው።

"ጋሼ" አለ በመጨረሻ። "ስትገባ ፊትህን አይቼዋለሁ። ሰርቋል ብለህ ነበር አይደል?"

በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ያልዋሸሁ ሰው እሱ ፊት ልዋሽ አልቻልኩም። "ለጥቂት ጊዜ፣ አዎ" አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። "አቡ ያሲር ካፊል ነው፤ አያውቀኝም። አንተ ግን ከገበታዬ በልተሃል።" ከዚያም "እዚህ ጋ አቁምልኝ፣ በታክሲ እሄዳለሁ" አለ።

ለመንኩት። ፀሐዩ ነው፣ መንገዱ ሩቅ ነው አልኩት። ወርዶ በመስኮቱ ጎንበስ አለና "ስላዳንከኝ አላህ ይክፈልህ፣ ጋሼ" አለኝ፤ ከልቡ ነበር። በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው። ቢያላትመው ይሻለኝ ነበር።